የጥገኛ መግቢያ

ፌቨን ለመግቢያው ምዘና የተዘጋጀችው ባሏን ባለመንካት ነበር።

ደሴ በከረሙባቸው የመጨረሻ ወራት ሁለቱም በየሳህናቸው መብላት ለመዱ። ኪሩቤል ከወንበር ሲነሳ እጇን አትሰጠውም። የካፖርቱ ኮሌታ ሲታጠፍበት አታቃናለትም፤ መንገድ ሲሻገሩም ክንዱን አትይዝም። የሟች ወንድሙ ልጆች ባልና ሚስቱ የተጣሉ መስሏቸው ሽማግሌ ሊልኩ ሲመካከሩ ኪሩቤል ሰማቸውና «ፈተና እያጠናን ነው» ብሎ ሳቀ። እነሱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አጎታቸው ጎንበስ ብሎ ከጫማው ማሰሪያ ጋር ሲታገል ዙሪያውን ቆመው ያጨበጭቡለት ጀመር።

ጥናቱ ግን ቀልድ አልነበረም። ሁለቱም የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በሰሜን፣ ባሕር ማዶ ቬልምሃቨን በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ኪሩቤል አሳንሰር ሲጠግን፣ ፌቨን ዳቦ ቤት ስትሠራ ኖረው በጡረታ ወጡ። የኪሩቤል ወንድም ሲሞት ለለቅሶ ብለው ደሴ ገቡ፤ ለቅሶውን ተዝካር፣ ተዝካሩን የውርስ ጣጣ ተከተለና ጡረተኛ ከአገር ወጥቶ እንዲቆይ የሚፈቀድለት ጊዜ አለፈባቸው። ሕጉ ለዘገየ ጡረተኛ በሩን አይዘጋበትም። ሲመለስ እንደ አዲስ ይመዝነዋል እንጂ። የሚመዘነውም በአንድ ነገር ነው፤ ራሱን ይችላል ወይስ አይችልም። ሰሜኖቹ የራሳቸው አዛውንት በዝቶ አስታማሚ አጥሯቸዋል፤ ከውጭ የሚገባ ተጨማሪ ታማሚ አይፈልጉም።

ፌቨን ይህን ሁሉ በእርጋታ ትቀበለው ነበር፣ ልጃቸው አርሴማ ባታረግዝ ኖሮ። አርሴማ የምትኖረው እዚያው ቬልምሃቨን ነው። አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ባሏ መርከበኛ ስለሆነ ከቤት ይልቅ ባሕር ላይ ይውላል። ስንት ዓመት ለምና ያገኘችው የመጀመሪያ ፅንሷ ነው። «እማዬ፣ አንቺ ካልመጣሽ ማን ያርሰኛል?» ብላ በስልክ ስታለቅስ ፌቨን ያን ዕለት ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አወረደች። ኪሩቤልን ትታው ለመሄድ ግን አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰበችም። የወንድሙ ቤት ተሽጧል፤ ልጆቹም በየፊናቸው ሊበተኑ ነው። ደግሞም ከተጋቡ ጀምሮ ያለ እሷ የኖረበትን ወቅት አታስታውስም። ወይ አብረው ይገባሉ፣ ወይ ምን እንደሚሆኑ አታውቅም።

የመመለሻ ቤቱ ወደቡ ዳር ላይ ነው። ንጹሕ ነው፤ ይሞቃል፤ መስኮቶቹም ሰፋፊ ናቸው። ተመላሽ ጡረተኞች እዚያ ገብተው እንደ ቤታቸው ይኖራሉ። ያበስላሉ፣ ይበላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ይተኛሉ። ማንም መጥቶ ጥያቄ አይጠይቃቸውም። ጣሪያው ጥግ ጥግ ላይ ትናንሽ ጥቁር ዓይኖች አሉ፤ አንድ ሰው የሌላ ሰው እጅ ሲያግዘው ለስላሳ ደወል ይሰማል፤ በቃ ይኸው ነው። ደወሉ አይቆጣም። የመኪና ቀበቶ ያላሰረን ሰው የሚያስታውሰውን ድምፅ ይመስላል።

በገቡበት ቀን ጥርት ባለ አማርኛ የሚናገር ድምፅ ከጣሪያው ተቀበላቸው። «እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ቤት ማንም ማንንም አይረዳም። መረዳዳት ጥፋት አይደለም፤ መረጃ ነው።»

ኪሩቤል ቀና ብሎ «አሜን» አለ። ፌቨን በክርኗ ልትጎስመው እጇን ካነሳች በኋላ ትዝ አላትና መለሰችው።

ከኮሪደሩ ማዶ ሰሚራ የምትባል የድሬዳዋ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከዚህ በፊትም ዘግይታ ተመልሳ፣ ተመዝና ስላለፈች የቤቱን ጠባይ ታውቃለች፤ ያወቀችውንም አትደብቅም። ፌቨንን ወጥ ቤት ስታገኛት ሽንኩርቷን እየከተፈች አስረዳቻት።

«ስሚ የኔ እህት፣ የረዳ አይወድቅም። የተረዳ ነው የሚወድቀው። ባለፈው ስመጣ እዚህ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ከየት እንደሆኑ እንጃ። ሰውየው የሚስቱን ቀሚስ ዚፕ ከኋላ ይዘጋላታል። በየጠዋቱ! አቦ ቆንጆ ነገር ነበር። እሱ ገባ።»

«እሷስ?»

«እሷን አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ስነሳ አልጋዋ ተነጥፎ ነበር።»

ፌቨን ፈራች። እስከዚያች ሰዓት ምዘናውን እንደ ጣጣ ነበር የምታየው፤ ከሰሚራ ጋር ካወራች ወዲህ ግን ባሏን የሚወስድባት ወጥመድ ሆነባት። ጣሪያው ኪሩቤልን ከሚያየው በላይ እሷ ታየው ጀመር። ሸሚዙን ሲቆልፍ ጣቶቹ ቀዳዳውን ሲስቱ ወደ መስኮቱ ዞራ መርከብ የሚያራግፉትን ክሬኖች ትመለከታለች። ማንኪያ ሲወድቅበት ሁለቱም ደርቀው ይቀራሉ፤ ከዚያ እሱ ቀስ ብሎ ጎንበስ ይላል፣ እሷ ትንፋሿን ትይዛለች። ሲያስለው ውኃ አታቀብለውም። ውኃው ከእሷ አጠገብ፣ እጇ ሥር ነው። ኪሩቤል ራሱ ተነስቶ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ ይቀዳል፤ እሷም እንደማያውቁት ሰው ታየዋለች። ይህን በማድረጓ ታፍር ነበር፤ ግን ከማፈሯ ይልቅ ፍርሃቷ ይበልጥ ነበር።

«ፌቪ» ይላታል እሱ፣ «እንደ እንቁላል አትዪኝ። አልሰበርም።»

«ቀስ ብለህ ተራመድ ብቻ።»

«ቀስ ስል ሽማግሌ ነው ይሉኛል፣ ስፈጥን ደግሞ ልወድቅ ነው። ልብረር?»

አንድ ጠዋት መነጽሩ ጠፋበት። ትራሱን አነሳ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ካፖርቱን ፈተሸ። ፌቨን መነጽሩን እያየችው ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነው ያለው። መንገር መርዳት ይሁን አይሁን አታውቅም። ሰሚራንም አልጠየቀቻትም። ኪሩቤል ዕቃ ማገላበጡን ሲቀጥል ከጣሪያው ላይ የተቀመጡትን ዓይኖች አየችና ትዕግሥቷ አለቀ።

«ግንባርህ ላይ ነው! አንተ ሰውዬ ልታስቀረን ነው እንዴ?»

ኪሩቤል መነጽሩን በቀስታ አወረደ። «ላስቀራችሁ?» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ ያረጀሁት ማለት ነው?»

ከዚያ አኮረፈ። የኪሩቤል ኩርፊያ ጩኸት የለውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይተኛል፣ ምግብ ይተዋል። ቁርሱን ተወ፤ ምሳውንም ተወ። ፌቨን ይቅርታ ጠየቀችው፤ አልመለሰላትም። አለመብላትም በጣሪያው ይታያል። ራሱን የማይመግብ ሰው ምን እንደሚባል ማሰብ አልፈለገችም።

ነገሩን የሰማችው ሰሚራ ከድሬ ይዛ በመጣችው ድርቆሽ ፍርፍር ሠርታ፣ ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ትሪው አንድ ብቻ ነበር። «እኔ ባለሁበት ተኮራርፎ መዋል የለም» አለች። «ጋሼ ኪሩቤል፣ ይነሱ! ለእናንተ ብዬ በርበሬዬን ጨርሻለሁ።»

ኪሩቤል ለሰሚራ ሲል ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ግን እጁን አልሰደደም። ፌቨን አየችው። ሲያኮርፍ የታችኛው ከንፈሩ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ወጣት ሳለም እንዲሁ ነበር። በዚያች ደቂቃ ጣሪያውን ረሳች ቢባል ውሸት አይሆንም። ያለችው ባሏ ፊት ነው፣ ጥፋተኛዋ እሷ ናት፣ መካከላቸው ምግብ አለ። የደሴ ሴት ልጅ በዚህ ጊዜ የምታደርገውን አደረገች። ከፍርፍሩ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች።

«በሞቴ» አለችው።

ፊቱን አዞረ።

«አፈር ስሆን! በሞቴ ስልህ!»

ዞሮ አያት። ዓይኑ እየሳቀ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ጎረሰ። ጉርሻ ደግሞ በአንድ አይቆምም፤ ፌቨን ሁለተኛውን ጠቀለለች፣ ሦስተኛውን አስከተለች። እሱም አንገቱን ሰገግ አድርጎ ጎረሰላት። ደስ ስላላት ዕንባዋ መጥቶ ነበር። ሦስተኛውን ስታጎርሰው የሰሚራ እጅ ትሪው ላይ ቆሞ እንደቀረ አየች፤ ደወሉንም ያን ጊዜ ሰማችው። ቀድሞም ሁለት ጊዜ ደውሎ ኖሯል።

«ያ ረቢ» አለች ሰሚራ።

ኪሩቤል አፉ እንደሞላ ቀረ። ከዚያ ዋጠና ነገሩን ማስተካከል የፈለገ ይመስል እሱም ጠቅልሎ ወደ ፌቨን አፍ ዘረጋ።

«ተው ጋሼ!» ሰሚራ ጮኸች። «እሷንም ልትጨምራት ነው?»

የኪሩቤል እጅ መንገድ ላይ ቆመ። ጉርሻውን ለራሱ ጎረሰው። ሦስቱም ለየራሳቸው እየጎረሱ ትሪውን ጨረሱት።

በማግስቱ አንድ ወጣት ሹም ጠራቸው። ሰው ነው፣ ማሽን አይደለም፤ ሻይ አቀረበላቸው። በራሱ ቋንቋ ሲናገር ጠረጴዛው ወደ አማርኛ ይተረጉመዋል።

«ምስሉን አይተነዋል» አለ። «በጣም ደስ ይላል።»

«እጁ ደህና ነው» አለች ፌቨን። ቃሉ ተከታትሎ ወጣላት፤ ማታውን ሙሉ አዘጋጅታው ነበር። «አኩርፎብኝ ነው ያጎረስኩት። ባህላችን ነው። ለእንግዳ እናጎርሳለን፣ ለሙሽራ እናጎርሳለን። ጤነኛ ሰው ነው የምናጎርሰው!»

«ባህሉን እናውቀዋለን፣ ወይዘሮ ፌቨን። ሁሉም ባህል አለው። ባለፈው አንድ ሰው ሚስቴን በየጠዋቱ ማበጠር ባህሌ ነው ብሎናል። እኛ የምንመዝነው ምክንያትን አይደለም፤ እጅን ነው።»

ኪሩቤል ተነሳ። የተቀመጠበትን ወንበር በአንድ እጁ እግሩን ይዞ ከራሱ በላይ አነሳና «ይኸው!» አለ። ክንዱ አልተንቀጠቀጠም። ፌቨን በኩራት አየችው።

ሹሙ ፈገግ አለ። «ይታየኛል። ግን ለአንድ መመለስ ምዘና የሚደረገው አንዴ ነው። ወይዘሮ ፌቨን፣ እርስዎ አልፈዋል። ዛሬውኑ መግባት ይችላሉ። አቶ ኪሩቤል ወደመጡበት ይመለሳሉ።»

ፌቨን ልጇን አሰበች፣ ኪሩቤልንም ደሴ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ይዞ ብቻውን ቆሞ አሰበችው። «ሌላ መንገድ የለም?» አለች።

«አለ። የጥገኛ መግቢያ ይባላል። እሳቸው ጥገኛ፣ እርስዎ ተንከባካቢ ሆናችሁ ትገባላችሁ። የሚበሉት ከእጅዎ ነው። የሚያለብሷቸው እርስዎ ነዎት፣ የሚናገሩላቸውም እርስዎ ነዎት። ቤታችሁ እንደዚህ ቤት ይታያል፣ ይደመጣል፤ ውጭ ሲወጡም እሳቸው ደረታቸው ላይ የሚደረግ፣ የሚያይና የሚሰማ ትንሽ መሣሪያ አለ። ጥገኛ ተብሎ የገባ ሰው ራሱን ችሎ ከተገኘ ግን ማጭበርበር ነው። በዚያው ቀን ሁለታችሁም ትወጣላችሁ፤ ተመልሶ መግባት የለም።»

ኪሩቤል ወንበሩን እንደያዘ ቆሞ ነበር። «እንግዲህ» አለ፣ «ሚስቴ ታጉርሰኝ፣ ታልብሰኝ፣ እኔ ልናገር ስል እሷ ትናገርልኝ? ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ እንዴት የኖርን መሰለህ?»

ፌቨን ሳትፈልግ ሳቀች። ሁለቱም መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ተስማሙ።

«ወንበሩን ያስቀምጡት» አለ ሹሙ በትሕትና። «ከዚህ በር ከወጡ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር እንዳያደርጉ።»

ኪሩቤል አስቀመጠው። በሩ ላይ ሲደርሱ ትከሻውን ጣል አደረገ፣ እግሩን ጎተት አደረገ፣ የፌቨንን ክንድ ያዘ። ከዚያ ጠቀሳት።

አርሴማ ሴት ልጅ ወለደች፤ ማርያማዊት አሏት። የምትኖረው ወላጆቿ ካሉበት ሕንፃ ነው፤ ከእነሱ በላይ። ፌቨን ጠዋት ባሏን አጥባ፣ አልብሳ፣ አጉርሳ፣ እጁን ይዛ በአሳንሰር ይዛው ትወጣለች፤ እዚያ ደግሞ ልጇን ገንፎ ታበላለች፣ ሕፃኗን ታጥባለች። ሲመሽ ሁሉንም ነገር በተራ ለኪሩቤል ትደግምለታለች። ይደክማት ነበር፤ ግን ገብተዋል፣ አብረው ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል።

ኪሩቤልም የተዋጣለት ተዋናይ ሆነ። ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል። የጎመን ጉርሻ ሲመጣበት እንደ ሕፃን ይተፋዋል፤ ጎመን ድሮም አይወድም። ሱሪ ስታለብሰው ሆን ብሎ ክብደቱን ይለቅባታል፤ ስትታገል ሆዱ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። በጠቀሳት ቁጥር ፌቨን ጉልበት ታገኛለች። ብርድ ልብስ ሥር፣ ዓይኖቹ በማያዩበት፣ ጎኗን ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ እሷም መልሳ ትቆነጥጠዋለች። የቀረቻቸው ወሬ ይህች ብቻ ነበረች።

ከሁሉ የከበዳት የአርሴማ ነገር ነው። ልጅቷ እውነቱን አታውቅም፤ እንዳይነግሯት ጣሪያው ይሰማል፣ የአባቷ ደረት ላይ ያለውም ይሰማል።

«አባዬ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አለች አንድ ቀን፣ ሕፃኗን እያጠባች። ዕንባዋ ልጇ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀስ በቀስ ነው የመጣው» አለች ፌቨን።

ኪሩቤል አጠገባቸው ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል። ያን ቀን አልጠቀሳትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ማዶ ካለው ሕንፃ አንድ ጥገኛ ሽማግሌ ተያዘ። ሚስቱ ገበያ ወጥታ ሳለ አምፖል ተቃጥሎ ነበር፤ እሱም ወንበር ላይ ወጥቶ ቀየረው። ባልና ሚስቱን በዚያው ቀን ወሰዷቸው። ወሬውን አርሴማ ምሳ ላይ ስታወራው ኪሩቤል ጉርሻውን በአፉ ይዞ አዳመጠ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሻው ራቅ ራቅ አለ። ፌቨን መጠንቀቁ ነው አለች። ክረምቱ ሲገባ ቁንጥጫውም ቀረ። እሷ ስትቆነጥጠው ደንገጥ ብሎ «ማነው?» ይላል። እየሳቀ እንደሆነ ሆዱን በመዳፏ ታዳምጣለች። ሆዱ ይተነፍሳል እንጂ አይንቀጠቀጥም።

አንድ ቀን ወደ አርሴማ ሲወጡ አሳንሰሩ መሐል ላይ ተንገጫግጮ ቆመ። መብራቱ ደበዘዘ። ፌቨን ከአሳንሰሩ ይልቅ ባሏን ነበር የምታየው። የዕድሜውን ግማሽ በዚህ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው፤ በድምፁ ብቻ የትኛው ክፍሉ እንደታመመ ያውቅ ነበር። የኪሩቤል ቀኝ እጅ ተነስቶ ወደ ቁልፎቹ ሄደ፤ ሳይደርስም ቆመ። ጣቶቹ ተከፈቱ፣ ተዘጉ። ከዚያ እጁን ካፖርቱ ላይ ጠረገው። ደረቱ ላይ ያለውን አስቦ ይሁን፣ ወይስ እጁ የሚፈልገውን አጥቶ ይሁን፣ ፌቨን ማወቅ አልቻለችም። አሳንሰሩ ራሱ ተነስቶ ወሰዳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ልቧ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

ማርያማዊት መዳህ ጀመረች፣ ከዚያ ቆመች። አንድ ምሳ ላይ ማንኪያውን ከፌቨን እጅ ነጥቃ ራሷ ጎረሰች፤ ግማሹ አገጯ ላይ ቀረ። አርሴማ አጨበጨበች። ኪሩቤል ሕፃኗን በአድናቆት እያየ እሱም አጨበጨበ፤ ካጨበጨበ በኋላ አፉን ወደ ፌቨን ከፈተ።

ሕጉ የተሻሻለ ጊዜ ፌቨን ዜናውን ያገኘችው ከሰሚራ ነው። «ጥገኞችን እንደገና ሊመዝኑ ነው አሉ» አለቻት ሰሚራ በስልክ። «የዳነ ካለ ራሱን የቻለ ይባላል፣ የቤቱ ዓይንም ይነቀላል። ማንም አይቀጣም ይላሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማንም አይቀጣም ሲሉ ግን እኔ አላምንም፣ ፌቨንዬ። እንጃ። አብሽሪ።»

ፌቨን ስልኩን ዘግታ ኪሩቤል ፊት ተንበረከከች። አሁን ጮክ ብሎ መናገር ይፈቀዳል፤ ሕጉ ራሱ ነው የሚለው። «ኪሩ፣ ሊመዝኑህ እየመጡ ነው። ከዳንክ ከዳንክ ነው፤ ቅጣት የለም። ገባህ?» ኪሩቤል ጸጉሯን በመዳፉ ነካ አደረገና ወደ መስኮቱ ተመለከተ።

መርማሪዋ የመጣችው ከቀትር በፊት ነው። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ክፋት አይታይባትም። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ማርያማዊትን አቅፋ ከደረጃው በኩል የገባችውን አርሴማን ሰላም አለቻት። ከዚያ ሩዝ በወጥ የያዘ ሳህን ኪሩቤል ፊት አስቀመጠች፣ ማንኪያውንም በስተቀኙ። ትርጉሙ አንገቷ ላይ ከተንጠለጠለው መሣሪያ ይወጣል። «ወይዘሮ ፌቨን፣ እዚያ ይቀመጡ። እጅዎ እንዲታየኝ። እባክዎ እስክጠይቅዎ አይናገሩ።»

ፌቨን ተቀመጠች። ኪሩቤል ሳህኑን አየ። ማንኪያውን አየ። የምግቡ እንፋሎት እየቀነሰ ሄደ። ፌቨን በልቧ አንሳው፣ አንሳው፣ አንሳው ትለው ነበር። ምግቡ ሲቀዘቅዝ ኪሩቤል ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ፈገግም አለላት። ፈገግታው ድሮ የምታውቀው ነው።

ሁለት ሐሳብ በአንድ ላይ መጣባት። ኪሩቤል እንደ ሰሚራ ነው፤ በባዶ ቃል አይታለልም። ወጥመዱን ቀድሟት አይቶት ይሆናል፤ «ዝም በዪ፣ አትነካኪው» እያላት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አንድ ቃል ብትተነፍስ የሚወጡት በዚሁ ቀን ነው፤ አርሴማንና ልጅቷን ደግመው አያዩም። ወይም ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ የሚያስመስል ሰው ከሌለ ቆይቷል። በየጠዋቱ በእጇ እያጎረሰች፣ በእጇ እያለበሰች፣ በአፉ ፈንታ እየተናገረች እሱ ቀስ በቀስ ሄዷል፤ የሸኘችውም እሷ ናት። የትኛው እንደሚያስፈራት ለማወቅ እንኳ ጊዜ አልነበራትም።

«ወይዘሮ ፌቨን» አለች መርማሪዋ። «ከእርስዎ በላይ የሚያውቃቸው የለም። በእርስዎ እምነት ራሳቸውን መቻል ይችላሉ?»

አርሴማ እናቷን ታያለች። ጣሪያው ያያል። ኪሩቤል ፈገግ እንዳለ ነው፤ በዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ፈለገች፣ ግን ዕንባዋ ከለከላት።

«አይችልም» አለች።

«እንግዲያው ይመግቧቸው። ቀዝቅዞባቸዋል።»

ፌቨን ወንበሯን አስጠግታ ከሩዙ በጣቶቿ ዘገነች። እጇ ሳይደርስ አፉን ከፈተ። መርማሪዋ እስኪጨርስ ቆማ አየች፤ ጫማዋን አድርጋ «ከእንግዲህ ሌላ ምዘና አይኖርም፤ አናስቸግራችሁም» አለች። ይህን ያለችው ለማጽናናት ነበር። አርሴማ ልትሸኛት ማርያማዊትን ይዛ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ።

ፌቨን ፊቷን ወደ ባሏ ፊት አቀረበች። የትንፋሹ ሙቀት እስኪነካት ተጠጋች። ጥቅሻውን እየጠበቀች ነበር፤ አንዲት ብቻ፣ ለአንድ ቅጽበት ብቻ፣ ጣሪያው በማያይበት በኩል። ኪሩቤል ለረጅም ጊዜ አያት። በታላቅ አክብሮት አያት፤ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላት። «ጠግቤያለሁ።»

ፌቨን አገጩን በመሐረብ ጠረገችለት። «አብሮ ይስጠን» አለችው፤ ጣሪያው እየሰማ ስለነበር ሌላ ልትለው የምትችለው ነገር አልነበረም።